ኤስኤስኤች በአንዱ መስመር አርሲንክ በሌላው፣ በቶስ መለየት አቃተኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ጓዶች፣ ሊኑክስ ማሽኔ ላይ ሁለት መስመር አለኝ፣ አንዱ ጠባብ ነው ግን ቶሎ ይመልሳል፣ ሌላው ሰፊ ሆኖ ይዘገያል። ከዚህ ማሽን ወደ ሩቅ ሰርቨር በኤስኤስኤች (ከሩቅ ትዕዛዝ መጻፊያው) ገብቼ ስጽፍ በጠባቡ፣ ባክአፑ (ፋይል ኮፒ የሚያደርገው አርሲንክ በኤስኤስኤች ነው) በሰፊው እንዲሄድ ፈልጌ ቶሱ (ፓኬቱ ምን ዓይነት አያያዝ እንደሚፈልግ የሚጻፍበት ባይት) ሄክስ 10 የሆነውን በአይፒ ሩል (የትኛው ፓኬት የትኛውን የመንገድ ሰንጠረዥ እንዲያይ በሚወስነው ደንብ) ወደ ቴብል 100 ላኩት። ሩሉ አለ፣ ቴብሉ ውስጥም በጠባቡ የሚወጣ ዲፎልት ራውት አለ፣ ግን ሁሉም በሰፊው ነው የሚወጣው። ምን ረሳሁ?

መልስ 1፦
በቲሲፒደምፕ (የሚያልፈውን ፓኬት ማሳያው) ፓኬቱን እየው፣ ሄክስ 10 አታገኝም። ኦፕንኤስኤስኤች በ7.8 (2018) ዲፎልቱን ቀይሮ እስከ 10.1 (2025) ድረስ ቁጭ ብለህ ለምትጽፈው ኤኤፍ21፣ ለጅምላው ሲኤስ1 የሚባል ምልክት ነበር የሚለጥፈው። ኤኤፍ21 በቶስ ባይት ሲጻፍ ሄክስ 48 ነው፣ እሱን ደግሞ የአይፒ ሩል ቶስ አይቀበልህም፣ የላይኞቹን 3 ቢቶች አያስገባም። አይፒቴብልስ (የፓኬት ማጣሪያው) ማንግል ላይ አውትፑት ቼይን ውስጥ በዲኤስሲፒ (የቶሱ ባይት የላይኞቹ 6 ቢቶች) ለይተህ ማርክ 1 (ማሽኑ ውስጥ ብቻ የሚታይ ቁጥር) አድርግበትና ሩሉ በማርኩ ይያዘው።

ጠያቂው፦
ተባረክ፣ የአይፒቴብልሱ ካውንተር መቁጠር ጀመረ። አሁን ግን ፓስወርድ ይቀበለኝና እዛው ቀጥ ይላል፣ አርፒ ፊልተርን (ፓኬት በየት መስመር እንደመጣ የሚያጣራውን) 2፣ ማለትም ላላ ያለ፣ አደረግኩት፣ ማስከሬድም (የመነሻ አድራሻ የሚቀይር ናት) ጨመርኩ፣ ያው ነው። ባክአፑ ደህና ነው።

መልስ 2፦
ፓስወርዱን አልፎ መቆሙ ነው ቁልፉ፣ እኔም ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ኤስኤስኤች ቶሱን የሚለጥፈው ከገባህ በኋላ ነው፣ ኮኔክሽኑ ሲከፈት ግን ቶሱ ዜሮ ስለሆነ በሰፊው መስመር በሰፊው አድራሻ ተከፍቷል፣ ከዛ መሀል ላይ ፓኬቱ ወደ ጠባቡ ሲዞርብህ አድራሻው አብሮ አይቀየርም፣ ናት የሚወስነው በመጀመሪያው ፓኬት ነው፣ ስለዚህ ማስከሬድ አያድንህም። በቶስ መንገድ መምረጥ የሚሄደው በሁለቱም መንገድ ያው የራስህ አድራሻ ሲያልፍ ነው፣ ለምሳሌ ሁለት ተነል (በሌላ ኔትወርክ ውስጥ የሚያልፍ የራስህ መስመር) ሲኖርህ። ያንተ ሁለት የተለያየ አድራሻ ስለሆነ ቶሱን አንዱ መስመር ውስጥ ማን ይቅደም ለሚለው ወረፋ ብቻ ተወው፣ መንገዱን በፖርት ለይ። ሩቁ ሰርቨር በ2222ም እንዲያዳምጥ አድርግና ባክአፑን እዛ ላከው፣ ከዛ ቲሲፒ ዲፖርት (መድረሻ ፖርት) 22፣ የኤስኤስኤች የተለመደው፣ ወደ ቴብል 100 የሚል ሩል ጨምር፣ ከከርነል 4.17 ወዲህ አይፒ ሩል ራሱ ፖርት ያያል፣ ማርክም ማስከሬድም አያስፈልግህም፣ አድራሻውንም ከመጀመሪያው በትክክል ይመርጣል።

ጠያቂው፦
ማርኩንም ማስከሬዱንም አጥፍቼ በዲፖርት አደረግኩት። ባክአፑ እየሄደ እየጻፍኩ ነው፣ አንድም ፊደል አይጎተትም።