«አንድ ጠብታ አይጎድልባችሁም» ማለት ይቁም

የመርዓዊ ልጅ፦
ትናንት ማታ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ዓባይ ክርክር ነበር። የእኛን ወገን ይዘው የቀረቡት እንግዳ፣ ግብጻዊው ተከራካሪ ሲያፋጥጣቸው «ግድቡ መብራት ብቻ ነው የሚያመነጨው፤ ከውሃችሁ አንድ ጠብታ አይጎድልባችሁም» ብለው መለሱ። እኔ ያደግኩት ቆጋ መስኖ አጠገብ ነው። አባቴ ያቺን ቦይ ከማግኘቱ በፊት ዝናብ ጠብቆ በዓመት አንዴ ነበር የሚያመርተው፤ ዛሬ በበጋ ስንዴና ሽንኩርት ያወጣል። ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ነው የሚገባው። አባቴ ሽንኩርቱን ሲያጠጣ ጠብታ አጎደለ ማለት ነው? በእሳቸው አነጋገር አዎ። ሕዳሴ ጳጉሜ 4/2017 ተመርቋል፤ ቃሉ ግን እስካሁን እንደ መሐላ ይደገማል። የእኛን መስኖ በቴሌቪዥን እንዲያስረክቡ ማን ፈቀደላቸው?

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
ወንድሜ፣ ሰውዬው ያወሩት ስለ ግድቡ ነው፣ ስለ አባትህ ሽንኩርት አይደለም። ተርባይን ውሃ አይጠጣም። ጉባ ላይ ቆመህ ምን ታጠጣለህ? ትንሽ ወረድ ካልክ ሱዳን ነው። መጋቢት 14/2007 ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሆዎች ስምምነትም የግድቡ ዓላማ ኃይል ማመንጨት ነው ይላል። እውነት የተናገረን ሰው ከዳተኛ አታድርገው።

የመርዓዊ ልጅ፦
ከዳተኛ አላልኩም። «ከውሃችሁ» የሚለውን ግን ዘለልከው። የማን ውሃ? ሰውየው «ከግድቡ» አላሉም፣ «ከውሃችሁ» ነው ያሉት። ሙሉው ወንዝ የእነሱ ሆኖ እኛ መብራት ብቻ አውጥተን የምንመልስላቸው ተበዳሪዎች ሆንን።

ከዴንቨር፦
የመርዓዊ ልጅ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብጽና ሱዳን ሁለት ሆነው ተቀምጠው ወንዙን ተካፈሉ። 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብጽ፣ 18.5 ለሱዳን፣ 10 ቢሊዮኑ ደግሞ ከአስዋን ሐይቅ ለሚተነው። ድምሩ 84። ለበረሃ ፀሐይ እንኳ ድርሻ ሲመደብ ለጎጃምና ለወለጋ ገበሬ ምንም አልተመደበም። ያንን ውል አልፈረምንም፣ አልተጠራንምም። «አንድ ጠብታ አይጎድልባችሁም» ባልን ቁጥር ያልፈረምነውን በአፋችን እየፈረምን ነው። እኔ ቦንድ የገዛሁት ለዚህ አይደለም።

ጋሽ ተርባይን፦
ልጆች፣ በኃይል ማመንጫ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ልናገር። ቃሉ በሙያም ልክ አይደለም። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ሲሞላ ውሃ ተይዟል፣ ከሞላም በኋላ ይተናል። ትክክለኛው አባባል ይህ ነው፤ ከሙሌቱ በኋላ በዓመት የሚያልፈው መጠን ብዙ አይለወጥም፣ የሚለወጠው ጊዜው ነው። የክረምቱ ጎርፍ ይቀንሳል፣ የበጋው ፍሰት ይጨምራል። ግን ፍርዳችሁ አይክፋ። ከመጋቢት 24/2003 ጀምሮ 14 ዓመት ሙሉ ያ ግንባታ ስንት ማስፈራሪያ ነበረበት? ያ ቃል ሥራው እንዲያልቅ ጠቅሞናል።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ ጠቅሞናል።

የመርዓዊ ልጅ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ «ጠቅሞናል» ያሉት ላይ ነው የምጣላው። ለጊዜው የጠቀመ ቃል በኋላ ዕዳ ይሆናል። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ድርድር የተሰናከለው በምን ነበር? በአንድ ሐረግ፣ አንቀጽ 14 ለ ላይ። የላይኞቹ አገሮች የሌላውን አገር የውሃ ደኅንነት «ጉልህ በሆነ መልኩ አለመጉዳት» እንበል አሉ። ግብጽና ሱዳን «የአሁኑን አጠቃቀምና መብት» የሚል ቃል ካልገባ አሉ። የአሁኑ አጠቃቀም የሚባለው ያው የ1959ኙ ክፍፍል ነው። በዚያ ሐረግ ምክንያት ሳይፈርሙ ቀሩ። እኛ ፈረምን፣ አጸደቅን፣ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና ስታጸድቅ ስምምነቱ ጥቅምት 3/2017 ሥራ ላይ ዋለ። በወረቀት እምቢ ብለን ያቆምነውን ሐረግ በቴሌቪዥን በራሳችን አፍ ልናስገባው ነው?

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
የቴሌቪዥን ንግግር ውል አይደለም። ማንም ፍርድ ቤት አይቀበለውም።

ከዴንቨር፦
እ.ኤ.አ. የ1902ቱን ውል ረሳኸው? ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል አማርኛው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለ መድፈን ነው የሚናገረው፣ እንግሊዝኛው ፍሰቱን ስለሚገታ ማንኛውም ሥራ ነው ተብሎ ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሮናል። ቃል እንዲህ ነው የሚሠራው።

ካርቱም የኖርኩ፦
እኔ በሌላ በኩል ልምጣባችሁ። ሐምሌ 2012 የመጀመሪያው ሙሌት ሲጀመር ካርቱም ነበርኩ፣ ሻይ እየሸጥኩ ልጆች አሳድግ ነበር። የሱዳን መስኖ ሚኒስቴር ድንበር ላይ ያለው ፍሰት በቀን በ90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቀነሰ አለ፤ እኛ ሰፈር ቧንቧው ቀናት ቆመ። ጎረቤቶቼ መጥተው «አንቺ፣ አገርሽ ውሃችንን ወሰደ» ሲሉኝ «አንድ ጠብታ አይጎድልም ብለዋል» ብዬ መለስኩ፣ ያመንኩትን ነው የመለስኩት። ባዶ ጀሪካኑን አሳዩኝ። ቀድሞ «በዚህ ሳምንት ይህን ያህል እንይዛለን፣ ተዘጋጁ» የሚል መልእክት ቢደርሳቸው ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። እናንተ ስለ መብት ትከራከራላችሁ፤ ቃሉ ግን መጀመሪያ ያዋረደው እኛን እዚያ የነበርነውን ነው።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
እህቴ፣ አዝናለሁ። ግን የዚያን ጊዜ የሱዳን የውሃ ጣቢያዎች ችግር ሁሉ የእኛ ነው? በክረምት ዝናብም ከፍ ዝቅ ይላል። በመስከረም 2018 ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ግብጽ «ግድቡ ለቀቀው» አለች። ቢጎድል እኛ፣ ቢሞላ እኛ።

ካርቱም የኖርኩ፦
ሁሉ የእኛ ነው አላልኩም። የሱዳኑ ሮዘይረስ ግድብ ከጉባ ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ከላይ ምን ያህል እንደሚለቀቅ በየቀኑ ካላወቁ በምን ያስተዳድሩታል? በ2007 ካርቱም ላይ የፈረምነው ስምምነትም መረጃ መለዋወጥ የሚል መርሕ አለው። ይህ ውርደት አይደለም፣ ጎረቤትነት ነው። ደግሞ እወቁት፣ በጋ ላይ የሚጨምረው ፍሰት ለሱዳን ጥቅም ነው፤ ጎርፉና ደለሉም ይቀንስላቸዋል። ይህን ብንነግራቸው «ጠብታ» ከማለት ይሻል ነበር።

ጋሽ ተርባይን፦
ልክ ነሽ የኔ ልጅ። መረጃ መስጠት ውሃ መስጠት አይደለም።

ከዴንቨር፦
መረጃ ስንሰጥ ነገ «አስገዳጅ ስምምነት ፈርሙ» ይላሉ። አስገዳጅ ማለት ደግሞ በድርቅ ዘመን ይህን ያህል ልቀቁ የሚል ቁጥር አንገታችን ላይ ማሰር ነው። በ2012 አሜሪካ የገባችበት የዋሽንግተን ድርድር ያለ ስምምነት እንደቀረ አይተናል።

ኦሞራቴ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። የላይኛው አገር መብት፣ የላይኛው አገር መብት። ዓባይ ብቻ ነው ወንዝ? እኔ ያደግኩት ኦሞ ጫፍ፣ ዳሰነች ነው። ጊቤ 3 ታኅሣሥ 2009 ከመመረቁ በፊት ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ ዳሩ ላይ ማሽላ እንዘራ ነበር። ግድቡ ጎርፉን ያዘው፣ ማሽላውም ቀረ። ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ ነበር፤ የቤተሰቤ ማሳ አላየውም። ከዚያ ደግሞ የቱርካና ሐይቅ ሞልቶ መንደር ዋጠ። የቱርካና ውሃ አብዛኛው ከኦሞ ነው የሚመጣው፣ ከሐይቁ ማዶ ያለው ኬንያዊ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ እንደ ግብጽ ጦርና ኤምባሲ ይዞ አይመጣም። ለእሱ «አንድ ጠብታ አይጎድልብህም» ያለው ማን ነው?

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
ይህ ርዕስ አይደለም። ኬንያ ከእኛ 200 ሜጋዋት ትገዛለች፣ አልከሰሰችንም።

ኦሞራቴ፦
መብራቱ ናይሮቢ ይገባል። እኔ የማወራው ሎድዋርና ኦሞራቴ ስላለው ሰው ነው። «አልከሰሰችንም» ማለት አልተጎዳም ማለት ነው? ግብጽ ባትከሰን ኖሮ የመርዓዊው ጥያቄ ይቀር ነበር?

የመርዓዊ ልጅ፦
ወንድሜ ኦሞራቴ፣ ያልከው ልቤን ነክቶታል፣ አልክድም። ግን ሁለቱን አታገናኛቸው። የእኔ አባት ለዘመናት ዓባይን አይቶ ያልጠጣ ነው። አንተ የነበረህን አጣህ፣ እሱ ያልነበረውን እየጠየቀ ነው።

ኦሞራቴ፦
«የነበረህን አጣህ» አልክ። በል ያዝልኝ። ግብጽም የምትለው ያንኑ ነው፣ «የነበረኝን አጣለሁ»። ለእኔ ሲሆን ልብህን ይነካል፣ ለእሷ ሲሆን ቅኝ ግዛት ነው?

ከዴንቨር፦
ዳሰነችን ከካይሮ ጋር ታመሳስላለህ? አስዋን ውስጥ የዓመታት ውሃ አከማችታለች። አንተ ያለህ የወንዝ ዳር መሬት ብቻ ነበር።

ኦሞራቴ፦
ስለዚህ ጉዳቱ የሚለካው ባለው መጠባበቂያ ነው። ይህን ብትሉ እስማማለሁ። ግን ማንም እንዲህ አላለም።

ጋሽ ተርባይን፦
እስቲ በቁጥር እናውራ። ቆጋ 7,000 ሄክታር ያጠጣል፣ ግድቡ የሚይዘው ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። እንደ ቆጋ ያለ አሥር ብትሠሩ 70,000 ሄክታር፣ ከ1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በታች። መቶ ብትሠሩ 700,000 ሄክታር፣ ወደ 8 ቢሊዮን። አንደኛው ከአስዋን ከሚተነው አሥር እጅ ያንሳል፣ ሁለተኛው ግን ታች የሚሰማ ነው። «ጠብታ» የሚሉም «ሁሉም የእኛ ነው» የሚሉም ይህን ሒሳብ አይነኩም። የመርዓዊ ልጅ፣ አንተ የምትጠይቀው ስንት ቆጋ ነው?

የመርዓዊ ልጅ፦
ቁጥሩን እኔ አልወስንም ጋሼ። ርብ አለ፣ መገጭ አለ፣ በለስ፣ ዴዴሳ፣ ፊንጫ አለ። በሙያ ይጠና። እኔ የምለው፣ ከመጠናቱ በፊት «ዜሮ ነው» ተብሎ ለግብጽ ቃል አይሰጥ።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
አየህ፣ ቁጥር ስትጠየቅ «ይጠና» አልክ። እንግዳው ሰው ቢያንስ ቁጥር ነበራቸው።

የመርዓዊ ልጅ፦
ዜሮ ቁጥር አይደለም፣ እጅ መስጠት ነው።

ካርቱም የኖርኩ፦
ስንት ቆጋ እንደሆነ ስታውቁ ለሱዳንም ቀድማችሁ ንገሯቸው። በሬዲዮ አይስሙት።

ኦሞራቴ፦
ሄክታር ስትቆጥሩ የኩራዝ ስኳር ፋብሪካን ሸንኮራም ቁጠሩ። የሚጠጣው ከኦሞ ነው።

ሃያ ሁለት ማዞሪያ፦
አሁንም ኦሞ! ስለ ዓባይ ነው የምናወራው አልኩህ እኮ።

ኦሞራቴ፦
እኔም ስለ ውሃ ነው የማወራው። መልስ እጠብቃለሁ።