ታይገር ዉድስ ያለ ማጣሪያ መጋበዙ ተገቢ ነበርን?

የውይይቱ መሪ፦
ለክርክር ያቀረብነው ጉዳይ ይህ ነው። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር በ2024 (እዚህ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ዉድስ ከአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች አንዱ በሆነው በዩኤስ ኦፕን እንዲጫወት ልዩ ግብዣ አቀረበለት። ዉድስ ከአራቱ ሌላውን፣ የ2019 ማስተርስን፣ በማሸነፉ ያገኘው ያለ ማጣሪያ የመግባት የአምስት ዓመት መብት አብቅቶ ስለነበር፣ ግብዣው ባይኖር ኖሮ ማጣሪያ መግባት ግድ ይሆንበት ነበር። ውድድሩ በተካሄደበት በፓይንኸርስት ሁለት ቀን ተጫውቶ፣ ወደ ቀጣዩ ዙር ከሚያሳልፈው ውጤት ሁለት ምት አብዝቶ ተሰናበተ፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነውና። የቀድሞ ድሉ ይህን ቦታ ሊያሰጠው ይገባ ነበርን?

ከዳላስ፦
አይገባም ባይ ነኝ። በ2000 ፔብል ቢች ላይ ይህንኑ ውድድር በ15 ምት ልዩነት ያሸነፈ ሰው መሆኑን አልዘነጋሁም፤ እንዲያ ያለ የበላይነት ዳግመኛ የምናይም አይመስለኝም። ነገር ግን ውድድሩ ለማንም ክፍት ነው የሚባለው፣ ስም የሌለውም ተጫዋች ማጣሪያውን ካለፈ ከታላላቆቹ ጋር መሰለፍ ስለሚችል ነው። የመጨረሻው ማጣሪያ ላይ ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ በእግሩ ይዞራል፤ በአንዲት ምት ተበልጦ ዱላውን መኪናው ውስጥ ጭኖ የሚመለሰውም ብዙ ነው። በውድድሩ ላይ የሚሰለፉት 156 ብቻ እንደመሆናቸው፣ ማኅበሩ ለዉድስ የሰጠው ከራሱ ጓዳ ያወጣውን አይደለም፤ ከእነዚያ የአንዱን ነው።

ከአትላንታ፦
ወንድሜ፣ ስለ ወጣቶቹ ያነሡት ነገር ልብ ይነካል። ሆኖም ልዩ ግብዣው ለዉድስ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ጎልፍ ተጫዋቹ ሄል ኧርዊን በ1990 ቺካጎ አጠገብ በተካሄደው ውድድር የተሰለፈው በዚሁ ግብዣ ነበር፤ በ45 ዓመቱም ዋንጫውን ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደ፣ እስከ ዛሬም በዕድሜ ከእርሱ የሚበልጥ የዩኤስ ኦፕን አሸናፊ የለም። ያን ጊዜ «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ በሩ ቢዘጋበት ኖሮ ይህን ታሪክ ባላወራን ነበር።

ዉድስንስ ቢሆን አንድ ጊዜ ቀብረነው አልነበረምን? በ2017 መገባደጃ ላይ በዓለም ደረጃ እስከ 1,199ኛ ወርዶ ነበር። በማግስቱ ዓመት መስከረም፣ ከቤቴ ብዙም በማይርቀው በኢስት ሌክ ሜዳ ሲያሸንፍ እዚያው ነበርኩ። ወደ 18ኛው ጉድጓድ ሲያመራ ሕዝቡ ገመዱን አልፎ ከኋላው ጎረፈ፤ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ታጣፊ ወንበራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሲሮጡ አይቻለሁ። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በ43 ዓመቱ ማስተርስን አሸነፈ፤ ከዚያ በፊት ከታላላቆቹ አራት ውድድሮች አንዱን ካሸነፈ 11 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

የቀድሞ ሯጭ፦
እኔ ጎልፍ ብዙም አልከታተልም፤ ነገሩ ግን ከእኛ አትሌቲክስ ሩቅ ሆኖ አልታየኝም። ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ የፓሪስን ኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ በስሙ ብቻ አልተመረጠም፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለንደን ላይ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ፓሪስ ላይ 39ኛ ሆነ፤ ወርቁን ያመጣው መጀመሪያ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረው ታምራት ቶላ ነው። ስለዚህ ከዳላሱ ወንድም ጋር ነኝ፤ ሰው በዘንድሮ ሰዓቱ ይለካ፣ ከበሩ ውጭ የቆመውም ማን እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም።

የአካል ሕክምና ባለሙያ፦
ሁላችሁም ስለ ስሙ ስትነጋገሩ እግሩን ረሳችሁት። ዉድስ በ2017 የታችኛው የጀርባ አጥንቱ በቀዶ ሕክምና እንዲጋጠም ተደርጓል፤ በ2021 የመኪና አደጋ የተሰበረው ቀኝ እግሩም የተጠገነው በብረት ዘንግና በብሎን ነው። የ2024 ማስተርስን አስታውሱ። ዓርብ ዕለት በኃይለኛ ነፋስ 23 ጉድጓድ ተጫውቶ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፈ፣ በተከታታይ 24ኛ ጊዜው ስለነበር በማስተርስ ክብረ ወሰን ሆነ። በማግስቱ 82 ምት መታ፤ በታላላቆቹ ውድድሮች ከዚያ የከፋ ውጤት አስመዝግቦ አያውቅም። እጁ ጎልፉን አልረሳም፤ ያቃተው አራት ቀን መራመድ ነው። እግሩ የታመመው ጎልፍ ተጫዋች ኬሲ ማርቲን በ2001 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈቅዶለት በጋሪ (በሜዳው ውስጥ በሚነዳ ትንሽ ተሽከርካሪ) ተጫውቷል፤ ዉድስ ግን በዋናው ውድድር ጋሪ አልጠቀምም ብሏል። ታዲያ ማጣሪያው በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ ከሆነ፣ «ይወዳደርና ይግባ» ማለት በዘዴ «አትምጣ» ማለት አይሆንምን?

ከዳላስ፦
ይህን አላሰብኩበትም፤ ልክ ነዎት። ግን ያው እግር ከማጣሪያው ቢተርፍ ውድድሩን አይችለውም፤ ፓይንኸርስትም ያሳየን ይህንኑ ነው። የኧርዊንን ነገር እቀበላለሁ፣ ለቀድሞው ታላቅ ጎልፍ ተጫዋች ለጃክ ኒክላውስ ግን ይህ ግብዣ ስምንት ጊዜ ተሰጥቶታል። ገደቡ የት ላይ ነው?

ከአትላንታ፦
ሁለት ጊዜ ይበቃል ቢሉኝ እፈርማለሁ። ዉድስ አንዱን ተጠቅሞበታል።