ደብረ ማርቆስ፣ ኪራይ ቤት፣ ሁለት ልጆች፦ ውሻ ወይስ ድመት?

የማርቆሱ አባወራ፦
እንዴት ናችሁ? አንድ ነገር ላማክራችሁ። ደብረ ማርቆስ ሦስት ክፍል ተከራይተን፣ ከአከራያችንና ከሌላ አንድ ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። ባለቤቴ ባንክ ትሠራለች፣ እኔ መምህር ነኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ይቆለፋል። ከሰዓት ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣቸው የእህቴ ልጅ ናት፤ እሷም ማታ ስለምትማር እኛ ስንገባ ትወጣለች።

ትልቁ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት። ልጁ ውሻ ካልመጣ ብሎ ማኩረፍ ጀምሯል። አማቴ ሞጣ ናቸው፤ ውሻቸው ወልዳ «አንዱን ቡችላ ልላክላችሁ» ብለዋል። ባለቤቴ ግን ድመት ነው የምትለው። ከጎረቤት የእህል መጋዘን የሚመጣው አይጥ የጤፉን ጆንያ ከሥር እየቀደደ ስላስቸገረን አልፈርድባትም። አከራያችን ደግሞ ትልቅ ሴት ናቸው፤ የውሻውን ነገር ሳነሳባቸው «ልጄ፣ ከፈለግህ ደጅ ይደር፤ ዳዊት የሚደገምበት ቤት ግን ውሻ አይገባም» አሉኝ። ደጅ እንዳናሳድረው ደግሞ የግቢው አጥር ክፍተት አለው፣ ሌሊት ጅቡ ሰፈር ውስጥ ነው የሚያድረው።

ጿሚ ቤት ነን። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እንደኛ ላለ ቤት የሚሆነው የቱ ነው? «ሁለቱንም አምጣ» የሚል ቀልድ ይቅርብኝ።

የጣና ዳሯ፦
ወንድሜ፣ ባለቤትህን ስማት። እኔ ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ድመቴ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ትውልና ስገባ ትነሳለች። ለሽንቷ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳፋ ላይ አሸዋ አድርጌ በረንዳ አስቀምጫለሁ፤ ካሳየኋት በኋላ ሌላ ቦታ አልሄደችም። በየቀኑ ካልጠረግሽው ግን ሽታው እንግዳ ያባርራል!

የሚያስቸግረው ጾሙ ነው። ድመት ሽሮ አይሆናትም። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባል የለ? እኛ ስንጾም እሷ አትጾምም። እኔ ቆሮሶ ቀቅዬ እሾሁን አውጥቼ እሰጣታለሁ፤ እዚህ ዓሣ አይጠፋም። ማርቆስ ላይ ግን ዓቢይ ጾም ገብቶ ልኳንዳ ሲዘጋ ምን እንደምታበላት ከአሁኑ አስብ። እንቁላል ቀቅሎ መስጠትም ያግዛል።

የደጀኑ፦
በዚህስ አልስማማም። ልጅ ውሻ ይዞ ሲያድግ ሌላ ነው። እኛ ቤት ውሻው ከልጆቹ ጋር ከብት ይጠብቃል፣ ማታ ግቢ ይጠብቃል፣ ሌባ ዝር አይልም። ድመት የሰው ፍቅር የላትም፤ የሞቀ ምድጃ ያገኘች ቀን ሄደች ማለት ነው። ቡችላውን ተቀበል፣ አጥሩን አጥብቅ፣ አለቀ።

ሐኪሙ ከፍኖተ ሰላም፦
የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የደጀኑ ወንድማችን ያለው ለእሱ ቤት ልክ ነው፤ ውሻው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ይውላል፣ ሥራ አለው፣ ይሮጣል። የጠያቂያችን ቤት ግን ጠዋት ይቆለፋል። ቡችላ ከሰውና ከልጅ ጋር መኖርን የሚለምደው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት ነው። ያንን ጊዜ በሰንሰለት ታስሮ ብቻውን ከዋለ፣ ሲያድግ ሰው የሚፈራ ወይም የሚናከስ ውሻ ነው የሚሆነው። ወደ እኔ ከሚመጡት የልጅ ነካሽ ውሾች አብዛኞቹ ክፉ ሆነው የተወለዱ ሳይሆኑ ታስረው ያደጉ ናቸው። የግቢያችሁ ሌላኛው ቤተሰብ ልጆችም አሉ እንበል፤ ለእነሱስ ማን ይጠየቃል?

ውሻ የምታመጣ ከሆነ ግን ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያም በየዓመቱ። ለድመትም እንደዚያው፤ በሽታው እሷንም ይይዛል። ማንም ልጅ በማንኛውም ውሻ ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። «ውሻው የጎረቤት ነው፣ እናውቀዋለን» ብሎ መቆየት የለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

ሌላው ስለ ምግብ ነው። ሰው «ትራፊ ይበላል» ይላል። ወጣችን ሁሉ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም፣ የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ ድመት ደግሞ ትብሳለች። አንድ ጉርሻ ላይገድል ይችላል፣ የዕለት ቀለብ ማድረግ ግን አይገባም። ውሻ እንጀራና የተቀቀለ ድንች ከትንሽ ሥጋ ጋር ተቀላቅሎለት ሊኖር ይችላል። ድመት ግን ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ስለዚህ የጣና ዳሯ እህታችን ያነሳችው የጾም ጉዳይ ቀልድ አይደለም። የላም ወተትም ለአደገች ድመት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ትንሽ ቢወጣም። በበዓል በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረውን ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ይቁም። ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የውሻ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ከበላው በኋላ እንቁላሉ በአይነ ምድሩ ወጥቶ፣ ልጆች ውሻውን በዳበሱበት እጅ ወደ አፋቸው ይገባል። ሰው ጉበት ላይ ሲያድር ቀዶ ጥገና ነው። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

የማርቆሱ አባወራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ ሳልጠቅሰው የቀረ ነገር አለ፤ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። አንዲት ጎረቤት «ድመት ያለበት ቤት ጽንስ ይበላሻል» ብላ አስፈራርታታለች። እውነት ነው?

ሐኪሙ ከፍኖተ ሰላም፦
መነሻው እውነት ነው፣ አነጋገሩ ግን ተጋኗል። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ አለ፤ ድመት አይጥ ስትበላ ይይዛትና ለጥቂት ሳምንት በአይነ ምድሯ ታወጣለች። የወጣው ሰው የሚይዘው ግን ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ አሸዋው በየቀኑ ይጠረግ፣ የሚጠርገውም አንተ ሁን እንጂ እሷ አትሁን። በዚያ ላይ እዚህ አገር ለነፍሰ ጡር ከድመቷ ይልቅ የሚያሰጋው ጥሬ ሥጋ ነው። ክትፎውንና ቁርጡን እስክትወልድ ትተወው፣ ሰላጣና ጎመኑ በደንብ ይታጠብ፣ የጓሮ አፈር ስትነካ ጓንት ታድርግ። ስጋት ካላት ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ትጠይቅ።

የቡሬው፦
እርግብስ? ቆጥ ከጣሪያው ሥር መሥራት ነው፤ ልጁ እህል ይበትንላታል፣ ቤት አትገባም፣ አትናከስም።

የጣና ዳሯ፦
የእህል አይጥ አስቸግሮት ሳለ እህል በትን ትለዋለህ እንዴ!

የማርቆሱ አባወራ፦
ከባለቤቴ ጋር ተማከርን። ድመት ሆነች። ቡችላው ሞጣ አያቱ ጋ ይቅር ብለናል፤ ማስከተቢያውን እኔ እልካለሁ፣ ልጁ ክረምት ሲሄድ የእሱ ውሻ ነው። አኩርፎ ነበር፤ የድመቷን ስም አንተ አውጣ ስንለው ትንሽ ለቀቅ አለ። አከራያችንም «ድመትማ በረከት ናት» ነው ያሉት። ለጾሙ ሥጋ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ቋንጣ፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው፣ ለብቻዋ አደርቃለሁ፤ ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥርም ዓሣ። ግልገሏን ስመርጥ ምን ልይ?

ሐኪሙ ከፍኖተ ሰላም፦
ሁለት ወር የሞላት፣ ዓይኗና አፍንጫዋ ንጹህ የሆነ፣ ስትይዛት የማትርበተበት። እናቷ አይጥ አዳኝ ከሆነች ይሻላል፤ ግልገል ማደንን የምትማረው ከእናቷ ነው። ሴት ከሆነች ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለችና ስለ ማምከን ቀድመህ አንድ ክሊኒክ ጠይቅ። ቋንጣው ጥሩ ነው፣ ስትሰጣት በውሃ አርሰው። እና ከሁሉ በፊት ያንን የእህል መጋዘን ባለቤት አነጋግር፤ የአይጥ መርዝ የሚያደርግ ከሆነ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች። ወጥመድ እንዲያደርግ ለምነው፤ እምቢ ካለ ድመቷን እስኪተወው አታምጣት።