የዚህን የፈረንሳይ ብር ጭልፋ ሠሪ የሚያውቅ አለ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፤ እባካችሁ አንድ ነገር አግዙኝ። ፓሪስ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የብር ጭልፋ ገዛሁ። እጀታው ላይ ሁለት ጥቃቅን ማህተሞች አሉ።

አንደኛው የብሩን ንጽህና የሚያሳየው ነው፤ አላስቸገረኝም። የራስ ቁር የደፋች የሚነርቫ (የጥንት ሮማውያን ሴት አምላክ) ራስ ናት፤ ከግንባሯ ፊት 1 ቁጥር አለ። ስለዚህ ከ1000 እጅ 950ው ንጹህ ብር ነው። ቁጥሩ 2 ቢሆን 800 ነበር። ግን ይህ ማህተም እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ስለኖረ የጭልፋውን ዕድሜ ለይቶ አይነግረኝም።

የቀረኝ የአንጥረኛው ማህተም ነው። በጫፉ የቆመ የአልማዝ ቅርጽ አለው፤ በብር የተለበጠ ቢሆን ካሬ ይሆን ነበር፣ እሱስ ደግ ነው። ውስጡ ግን በውልወላ ብዛት ተፍቋል። የመጀመሪያው ፊደል ኤል ነው። ሁለተኛው ቢ ይሁን አር አልለይ አለኝ። መሃላቸው መልህቅ የሚመስል ነገር አለ፤ ቀስትም ሊሆን ይችላል።

በአጉሊ መነጽር አየሁት፣ በስልክም አነሳሁት፤ ብሩ እያብረቀረቀ አስቸገረኝ። የሻማ ጥላሸት ቀብቶ በፕላስተር ማንሳት ይሠራል ይባላል። የሞከረ አለ? ፊደሉን ሳላውቅ በመሃሉ ምልክት ብቻ ሠሪውን መፈለግስ ይቻላል? አደራ፣ ፈግፍገህ አጽዳው እንዳትሉኝ፤ የተረፈችውም ትጠፋለች።