የጓሮዬ የድጋፍ ግንብ ነገር፣ ሰኔ ሳይደርስ ምክራችሁን

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር፣ ቤዛዊት ኮረብታ ሥር ነው የምኖረው። ጓሮዬ ተዳፋት ስለሆነ የላይኛው መደብ እንዳይናድ በባሕር ዛፍ አጠና ደግፌው ነበር። አምና ነሐሴ ላይ ጠዋት ስወጣ አጠናው ወደ ፊት አጋድሎ፣ የእናቴ ጌሾ ከነሥሩ ወርዶ አገኘሁት። አንዱን አጠና ነቅዬ ሳየው አፈር ውስጥ የነበረውን ምስጥ በልቶት፣ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል።

አሁን በጡብ ላስገነባው ነው፤ ከፍታው 1 ሜትር ከ20፣ ርዝመቱ 9 ሜትር። የጨነቀኝ አፈሩ ነው። መረሬ ነው፤ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ግንበኛው 40 ሳንቲ ሜትር መሠረት ይበቃል ይላል፤ ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ከጀርባው ጠጠር እንሙላ፣ የውሃ መውጫ ቱቦም እንተው ስለው «ትርፍ ወጪ ነው» አለኝ። ውሃው መውጫ ካጣ ግንቡን አይገፋውም?

እባካችሁ፣ መረሬ ላይ የገነባችሁ ካላችሁ፦ መሠረቱን ምን ያህል አወረዳችሁ? ቱቦውንስ በየስንት ሜትሩ? ጡቡን ትቼ በጥቁር ድንጋይ ባሠራውስ ይሻል ይሆን? እናቴ ጌሾዋን መልሳ የምትተክልበትን ቀን እየጠየቀችኝ ነው።