በርሜሉ ያፈሳል፣ ነገ ወላጆች ይመጣሉ፤ መላ በሉኝ!

መምህርት ከጅማ፦ እባካችሁ ቶሎ! የ4ኛ ክፍል ልጆቼ ለ1ኛ ክፍሎች የእጅ መታጠቢያ ሠርተዋል። አካባቢ ሳይንስ ላይ ስለ ንጽህና የተማሩት ለሰው ይጥቀም ብዬ ነው። ባለ 100 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል፣ አንድ ቧንቧ። ያፈሳል። ቴፍሎን (ያን ነጭ የቧንቧ ቴፕ) ጠቅልያለሁ፣ ያው ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ወላጆች ይመጣሉ።

ቡና ወዳጅ፦ ቴፍሎን ጠቅልይበት።

መምህርት ከጅማ፦ ጠቅልያለሁ አልኩ እኮ!

ወላጅ ነኝ፦ ይቅርታ መምህርት፣ ልጆቹ የመጡት ለትምህርት ነው ወይስ ለቧንቧ ሥራ? የእኔው ልጅ አምና ግቢ ሲጠርግ ውሎ መጣ። ምን ተማርክ ስለው "መጥረግ" አለኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ወላጁ እውነት አላቸው። ጠርጎ መሄድ ጉልበት ነው። ከትምህርቱ ጋር ሲያያዝ፣ ሲጨርሱም "ምን አየን?" ብለው ሲነጋገሩበት ነው ትምህርት የሚሆነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ልናስቆጥር ወጥተን ስንቱን ከገበሬው ተምረን ተመለስን። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲስ ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ መሀል እየላከ አይደል የሚያስተምረው? የዛሬ መምህራን ግን...

የሂርማታው፦ ጋሼ፣ እርስዎ እስኪጨርሱ በርሜሉ ባዶ ቀረ።

ባለ ቁልፉ፦ የሚያፈሰው ከየት ነው? ከቧንቧው አፍ ወይስ በርሜሉን ከበሳችሁበት ዙሪያ?

መምህርት ከጅማ፦ ከተበሳው ዙሪያ። ውይ፣ አልጻፍኩትም ለካ።

ባለ ቁልፉ፦ ታዲያ ቴፍሎን ምን ያድርግልሽ? እሱ ለቧንቧው ጥርስ፣ ተጠምዝዞ ለሚገባው ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ጎሚኒ ነው፣ ያ የላስቲክ ቀለበት። ውሃውን ቅጂና ቧንቧውን ፍቺው። የቀዳዳውን ጠርዝ በቢላ አለስልሺ፣ በጨርቅ አድርቂ። አንድ ጎሚኒ ከውስጥ፣ አንድ ከውጭ፣ ከዚያ ዳዶውን ከውስጥ እሰሪ። ጎሚኒ ካጣሽ ከአሮጌ ብስክሌት የውስጥ ጎማ ክብ ክብ አድርገሽ ቁረጪ። በእጅሽ አጥብቀሽ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሪ። ከበዛ ጎሚኒው ተጣሞ ይወጣል። ከሠራልሽ አንድ ስኒ ጀባ በይኝ።

ቡና ወዳጅ፦ ሲሊኮን ቢቀባስ?

ባለ ቁልፉ፦ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። ለነገ አይደርስም።

ሒሳብ አስተማሪ፦ እኔ ብሆን ከመጠገኑ በፊት ልጆቹን አስለካቸው ነበር። ሥሩ የአንድ ሊትር ጣሳ ይደረግ። በ5 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 12 ሊትር ነው። ውሃው ሲጎድል ግፊቱም ስለሚቀንስ ጣሳው ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ለምን ብለሽ ጠይቂያቸው። ነገ ወላጆች ፊት የሚያስረዱት እነሱ ይሁኑ፣ አንቺ ዝም በይ።

ወላጅ ነኝ፦ እንዲህ ከሆነስ እሺ።

ቡና ወዳጅ፦ ቴፍሎኑን ግን ደግመሽ ብትጠቀልዪው?

የሂርማታው፦ መምህርት፣ ነጋ፣ 3 ሰዓትም አልፎ 5 ሰዓት ሆነ እኮ! ወላጆቹ በጫማ ገቡ ወይስ በቦቲ?