ክርክር፦ አብያተ ክርስቲያናት «የባህል ቀን» ሊያከብሩ ይገባልን?

አወያይ፦ በአዲስ አበባ በልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት የምንገኝ ምእመናን ለተሰባሰብንበት ለዚህ መድረክ የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ እያንዳንዱ አጥቢያ በዓመት አንድ ቀን የምእመናኑንና የጎረቤቶቹን ልዩ ልዩ አለባበስ፣ ምግብና ዜማ በግቢው ውስጥ ቢያከብር ይደገፋልን? ተከራካሪዎች ከስማቸው ይልቅ አገልግሎታቸውን ጠቅሰው ይጻፉ።

ዲያቆን፦ አልደግፈውም። በከተራ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የጎንደሬውና የወላይታው ወጣት በየራሱ ልብስና ጭፈራ ያጅባል፤ ይህንንም የሚያደርገው ኮሚቴ መርሐ ግብር ስላወጣለት ሳይሆን በዓሉ የራሱ ስለሆነ ነው። ዩኔስኮ መስቀልን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀትን ደግሞ በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈራቸውም ሕዝቡ እንዲህ አድርጎ ሕያው ስላቆያቸው ነው። ለባህል የተለየ ቀን ስንቆርጥለት ግን ምእመኑን በትውልድ ስፍራው ከፋፍለን እናሰልፈዋለን፤ ውጤቱም ኅዳር 29 ቀን በመንግሥት የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ግልባጭ ከመሆን አያልፍም።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፦ ዲያቆን ስለ ከተራ የጻፉትን እቀበላለሁ፤ እሑድ ግን በየሳምንቱ ይመጣል። በከተማዋ ዳርቻ በምትገኘው አጥቢያችን አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚሰሙ እናቶች ስብከቱ እስኪያልቅ በዐውደ ምሕረቱ በትዕግሥት ይቀመጣሉ፤ ከተሰበከው የሚደርሳቸው ግን ጥቂት ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ኤጲስ ቆጶሳትን በሾሙ ጊዜ የተነሣው ሁከት ብዙ ምክንያት ነበረው። ሹመቱን ፈጽሞ አልደግፍም፤ ሆኖም ምእመናን በቋንቋቸው አይገለገሉም የሚለው አቤቱታ ጆሮ ያገኘው መሠረት ስለነበረው ነው፤ በየካቲት በተደረሰው ስምምነትም የቋንቋ አገልግሎትን የማጠናከር ጉዳይ ተካቷል። ስለዚህ የባህል ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሣት ለእኔ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ፣ ስብከቱ በየትኛው ቋንቋ ይሰበካል፣ በሰበካ ጉባኤውስ ማን ይመረጣል የሚለው ነው።

የመካነ ኢየሱስ ምእመን፦ የእኅታችን ሐሳብ ትክክል ሆኖ ሳለ ከቋንቋ በኋላ የሚመጣ ሌላ ችግር መኖሩን ልጨምር። ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እገዛ የተረጎሙት የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግእዝ ፊደል ስዊዘርላንድ ውስጥ ታትሟል፤ ነገር ግን መንግሥት ስለ ውጭ ሚስዮናውያን ሥራ በ1936 ዓ.ም. ያወጣው ድንጋጌ አማርኛን የማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገ በሚስዮን ትምህርት ቤቶቹ ለዚያ መጽሐፍ አንባቢ ማፍራት አዳጋች ሆነ። ዛሬ ያ ዘመን አልፎ በአንዳንድ ማኅበረ ምእመናኖቻችን እሑድ ጠዋት በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት የተለያየ ሰዓት አምልኮ ይካሄዳል። የመጀመሪያው ጉባኤ ሲወጣ ሁለተኛው ይገባል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት ስንገለገል በስም አንተዋወቅም (መዘምራኑ ማይክሮፎን ሲቀባበሉ ሰላም ይባባሉ ይሆናል)። እኔ የጋራውን ቀን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀኑም የትርኢት ሳይሆን በሁለቱም ቋንቋ አብሮ የመጸለይና አብሮ የመብላት ይሁን።

ዲያቆን፦ በቋንቋው ጉዳይ ከመምህርት ጋር ልዩነት የለኝም። ከውጭ የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳን እንኳ መጻሕፍትን ወደ ግእዝ በመመለስ እንደሚታወሱ እናውቃለን። ወንድማችን የገለጹት ግን የሰዓት አመዳደብ ችግር ነው፤ በዓል ከመጨመር ይልቅ በወር አንድ እሑድ ሁለቱን ጉባኤ ማገናኘት አይቀልምን?

የመካነ ኢየሱስ ምእመን፦ ይቀላል፤ ሽማግሌዎቻችን ከተስማሙ በዓመት አንዱን በወር አንድ ለመለወጥ እኔ በበኩሌ ዝግጁ ነኝ።

የዕድር ጸሐፊ፦ እስካሁን ስለ ግቢው ውስጥ ተከራከራችሁ፤ ጥያቄው ግን ጎረቤቶችንም ይጨምራል። በእኛ ዕድር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አባል ነው፤ ለቅሶ ሲሆን አብረን ድንኳን እንተክላለን፣ የሥጋው ነገር ሲመጣ ግን የየእምነቱ ዕርድ ስለሚለያይ ድስቱም ይለያያል። ቤተ ክርስቲያን ሠንጋ ጥላ «የሰፈሩ ሁሉ ባህል» ብትል፣ የሙስሊሙ ጎረቤት ድርሻ ቆሞ ማየት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ግብዣው የጾም ይሁን፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ለሁሉም ይሆናል።

ዲያቆን፦ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አይመታም፤ ዝማሬ ከታሰበ ሌላ ጊዜ ይፈለግ።

የዕድር ጸሐፊ፦ እንግዲያው በፍስክ ቀንም ቢሆን ያለ ሥጋ ይሠራ፤ ለጤና እንጂ ለኃጢአት አይሆንም። ድንኳኑንና ድስቱን ዕድሩ በነጻ ያውሳል፤ ለእኔ የቀረው ጥያቄ የሚያስተናግደው አጥቢያ የመስጊዱን ኮሚቴ ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ በጥሪ ካርድ ይጋብዛል ወይስ ከመጀመሪያው በዝግጅቱ ያማክራል የሚለው ነው።